የዘንድሮው ውሃ በእኛ ቤት ያልፋል

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው እሑድ የረድፋችን እድር ዕጣ ያወጣል። ዕጣ የወጣበት ሰው የዓመቱን ጎርፍ በቤቱ ያሳልፋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ደቻቱ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ለማያውቅ ግን ባጭሩ ልናገር። የእኛ ረድፍ አሥራ አራት ቤት ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን፣ ፊታችንን ወደ ወንዙ አዙረን ተቀምጠናል። አያቶቻችን ወንዙን በግንብ ሊያቆሙት ሞክረው ነበር፤ ግንቡን ወንዙ በላው። አሁን ግንቡ እኛው ነን። የውሃ ሰዓት ሲደርስ ቤቶቹ ራሳቸውን ይዘጋሉ፤ በሩም መስኮቱም ይታሸግና ረድፉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ግድግዳ ይሆናል። ችግሩ፣ አሥራ አራቱም ከተዘጉ ውሃው መሄጃ አጥቶ ያብጣል፤ ከዚያ ዝቅ ያለውን የጫፉን ቤት ገፍቶ ይወስዳል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሁሉም የየራሱን ዘግቶ ተቀመጠና ሦስት ቤት ከነሰዉ ሄደ። እኔ ያኔ አርባ ዓመቴ ነበር፤ አሸዋ ውስጥ ሬሳ ከሚፈልጉት መሃል ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሦስቱ ይዘጋል፣ አንዱ ይከፍታል። የሚከፍተው ቤት ጎርፉን በፊት በር ተቀብሎ በጓሮ በር ወደ ማፋሰሻው ቦይ ይለቀዋል። ተቀባይ እንለዋለን። አንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ዕጣ ውስጥ አይገባም።

ያፌት እባላለሁ። ሥራዬ ልስን ነው። ጎርፍ ያለፈበትን ግድግዳ ልጬ፣ አድርቄ፣ መልሼ በመለሰን ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ስለ ውሃ የማወራው ከሰው የሰማሁትን አይደለም። እኔና ባለቤቴ ሶልያና ከስድስት ዓመት በፊት ተቀብለናል። ውሃው ያለፈው በአርባ ደቂቃ ነበር። ግድግዳው የደረቀው በአሥራ አራት ወር ነው። በዚያ መሃል ልብሳችን ሻገተ፣ ዱቄታችን ሻገተ፣ ሶልያናን ጉልበቷን ያዛት። ግድግዳው ጨው እያወጣ፣ በየጠዋቱ ከወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት ትጠርግ ነበር። አንድ ቀን መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ሳትቆጣ፣ "ያፌት፣ እዚህ ቤት ዳግመኛ ውሃ ከገባ እኔ ሐረር እህቴ ጋ እሄዳለሁ። አልመለስም" አለችኝ። ሶልያና ለማለት ያህል የምትል ሰው አይደለችም። ሠላሳ አራት ዓመት አብረን ስንኖር ካለችው ወደ ኋላ ያለችበትን ቀን አላስታውስም። ቢሆንም አልተጨነቅኩም፤ ዙሩ እስኪያልቅ ገና ብዙ ዓመት ነበረን።

ዘንድሮ ዕጣው የወጣው በኢክራም ቤት ላይ ነው። የጫፉ ቤት የእሷ ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ሲሆን ከልጇ ከሱመያ ጋር ትኖራለች። ሱመያ ደግሞ በዚያው ሳምንት ወልዳ የአራስ አልጋ ላይ ነበረች። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ኬና የቤቱን ቁጥር ሲያነብ ሰዉ ሁሉ ወደ ኢክራም ዞረ። እሷ አንገቷን ደፍታ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ታሻሽ ጀመር።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ አንዱ ይነሳና "ኧረ በእኔ ይሁን" ይላል። ወዲያው ሌላው ብድግ ብሎ "በፍጹም፣ እኔ እያለሁ?" ይላል። ሦስተኛው "ሁለታችሁም ቁጭ በሉ" ይላቸዋል። እንዲህ ሲገፋፉ፣ ሲማማሉ ቆይተው ዳኛው መሃል ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው እንደገና ይወጣል። ሁሉም ለጋስ ተብሎ ቤቱ ይገባል፣ የተጎዳም የለም። በዚህ መግደርደር ስንት ዓመት ኖረናል። እና እኔ ተነሳሁ። "አራስ ያለችበት ቤት ውሃ አይገባም። በእኔ ቤት ይለፍ" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? "ሶልያናም ብትሆን የምትለው ይህንኑ ነው" ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ እንደቆምኩ "በፍጹም" የሚለኝን ሰው ጠበቅኩ።

ማንም አልተነሳም። ጎረቤቴ የጫማውን አፍንጫ ያያል። ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ወንድማማቾች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። የተነሳችው ኢክራም ብቻ ናት። መጥታ ሁለት እጄን ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "አላህ ቤትህን ይጠብቅልህ፣ ጋሽ ያፌት" አለችኝ። ኦቦ ኬና ለጸሐፊው "ጻፍ" አለው፤ ጸሐፊውም ጻፈ። ተጨበጨበልኝ። ፈገግ ብዬ እጅ ነሳሁ።

ቤት ስገባ ሶልያና "ዕጣው ለማን ወጣ?" አለችኝ።

"ለኢክራም።" ውሸት አልነበረም።

"ምስኪን፣ ከነአራሷ። ማንም አልተነሳላትም?"

"ተነስተዋል፣ ተነስተዋል" አልኩና ጫማዬን ልፈታ ጎንበስ አልኩ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ተኛሁ።

እንዲህ ያለ ነገር በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ በሁለተኛው ቀን ሁለት ጥፋት ይሆናል፤ በሦስተኛው ሦስት። እኔ አሥራ አንድ ቀን አቆየሁት። በእነዚያ ቀናት የተለየ ነገር አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ከደንገጎ ተራራ ጎርፉን የሚጠብቀው ማሽን ከጣሪያው ላይ ያነጋግረናል። የሴት ድምፅ ነው፣ ረጋ ያለ፤ ሰፈሩ እትዬ ደንገጎ ይላታል። "ደረቅ አደራችሁ? ዛሬ ተራራው ላይ ደመና የለም" ትላለች። አልጋችንን በሰንሰለት ከፍ አድርገን ወለሉን እንጠርጋለን። ጎረቤት ለጎረቤት "ደረቅ አደራችሁ?" "ደረቅ ነን፣ ተመስገን" እየተባባለ ሥራ ይሄዳል። ማክሰኞ የእርጥበት መርማሪዋ መጣች፤ እንደ ልማዷ ረጅሙን መርፌዋን ግድግዳው ላይ ሰክታ ቁጥሩን አነበበች። አራት አለ። "እትዬ ሶልያና፣ በረድፉ እንደ እናንተ ያለ ደረቅ ቤት የለም" አለቻት። ሶልያና ደስ አላት። ዳቦ ጠቅልላ ሰጠቻት።

በዚያው ቀን ነው ያን ሐሳብ እንደገና ያነሳችው። "ይህን ሳሎን ለአዲስ ዓመት ቀባልኝ እንጂ። የሰው ቤት ስታሳምር ውለህ የራስህን እንዲህ ትተወዋለህ?" አለችኝ። ይህን ስትለኝ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁልጊዜ ጊዜ የለኝም እላት ነበር። አሁን እንዴት ብዬ እምቢ ልበል? አልቀባም ካልኩ ለምን ትለኛለች፤ ለምን ካለችኝ መናገር አለብኝ። ስለዚህ ቀባሁ። ስንጥቁን ሞላሁ፣ ማዕዘኑን በቱንቢ አስተካከልኩ፣ እሷ የመረጠችውን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሦስት ጊዜ ደራረብኩበት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ግድግዳ ሠርቼ አላውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከወገቡ በታች ጭቃ እንደሚሆን እያወቅኩ ነው የሠራሁት። ሶልያና ከኋላዬ ቆማ "ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የታዘዝከው? አሞሃል እንዴ?" ትለኝ ነበር። እየሳቀች ነው የምትለኝ።

ልነግራት ሞክሬ ነበር፤ አልሞከረም እንዳይባል። አንድ ቀን ምሳ ላይ "ሶሊ" አልኳት።

"ወዬ።"

ቀና ብላ አየችኝ። አፏ ዳር ትንሽ ወጥ ነበረ። "ጨው አቀብይኝ" አልኳት። ምግቡ ጨው አላነሰውም ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ደንገጎ "ከነገ ጀምሮ ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ውሃው ይመጣል። ተቀባዮች ዛሬ ቤታችሁን አውጡ" አለች። ሶልያና ይህን ስትሰማ ወደ እኔ ዞረች። "ምን ትቀመጣለህ፣ ሂድና ኢክራምን አግዛት እንጂ። ወንድ በሌለበት ቤት ቁም ሳጥን ማን ያወጣላታል?" አለችኝ። ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላወቅኩም። በረድፉ ጥግ ዞር ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ኦቦ ኬና ስምንት ሰው አስከትሎ፣ ገመድና ጋሪ ይዞ በፊቴ አለፈ። የእድሩ ሥርዓት ነው፤ የተቀባይን ዕቃ እድርተኛው ተሸክሞ በየቤቱ ያስቀምጥለታል። "ና እንጂ ያፌት፣ የገዛ ቤትህ ውስጥ እንግዳ ልትሆን ነው?" አለኝ። ተነሥቼ ከኋላቸው ተከተልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

በሩን የከፈተችው ሶልያና ናት። ኦቦ ኬና ባርኔጣውን አውልቆ ለተቀባይ የሚባለውን አለ። "ውሃውን ልዝብ ያድርግላችሁ።"

"አሜን" አለች። "ኢክራም ታች ናት፣ ኦቦ ኬና። ጫፉ ላይ።"

ሳቀ። "አቦ ሶልያና፣ ዛሬም ቀልድ አለ። ያፌት ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ 'በእኔ ቤት ይለፍ፣ ሶልያናም የምትለው ይህንኑ ነው' ሲል እኮ ሰዉ ሁሉ ነው ያለቀሰው።"

ሶልያና በኦቦ ኬና ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። ብዙ አልቆየችም። እኔ ግን ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በሩን በሰፊው ከፈተችው። "ግቡ፣ ምን በር ላይ አቆማችሁ። ቁም ሳጥኑን በጎን አዙሩት፣ በቀጥታ አይወጣም። ግድግዳውን እንዳትነኩት፣ ቀለሙ ገና ትናንት ነው የደረቀው" አለች። እኩለ ቀን ሳይሆን ቤቱ ባዶ ሆነ። ሁሉን ያዘዘችው እሷ ናት፤ ለሰዎቹ ሻይ ያፈላችውም እሷ ናት።

ኢክራም በድስት ሩዝ ይዛ መጣች። ድስቱን አስቀምጣ የሶልያናን እጅ ልትስም ስታጎነብስ ሶልያና ያዘቻት። "ኧረ ተይ፣ ምን አደረግኩ?" አለቻት። "አንቺ ባትፈቅጂ እሱ መች ይል ነበር" አለች ኢክራም። ሶልያና ድስቱን አነሳች። ከዚያ "ሕፃኑ ይጠባል?" ብላ ጠየቀቻት። ስለ ሕፃኑ አወሩ።

ማታውን የተናገረችው "ብርድ ልብሱን ወደ ሰገነት አውጣው" እና "ሩዝ አለልህ" ብቻ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከተማው ጫት ይዞ በርጫ ላይ ሳለ፣ ድምፁ መጣ። "ውሃው ደንገጎን አልፏል። አርባ ስድስት ደቂቃ።" ድሬ ላይ ጠብታ ዝናብ አልነበረም። ፀሐዩ ጣሪያውን እንደ ምጣድ አግሎታል፤ ደቻቱም ደረቅ አሸዋ ነው፣ ግመሎች ይሻገሩበት ነበር። ጎርፋችን ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የሌላ አገር ዝናብ ነው የሚመጣብን። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን፣ ፔርሙዙን፣ ጫቱን ይዞ ወደየሰገነቱ ወጣ። ቤቶቹ ተራ በተራ ሲታሸጉ ይሰማኛል፤ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ አሥራ ሦስት። ጫፉ ላይ ሱመያ ልጇን አቅፋ ከጃንጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ኢክራም ታራግብላታለች።

ተቀባይ ቤት ለውሃ የሚከፈተው በሰው እጅ ብቻ ነው። የእድሩ ሕግ ነው፤ ማሽን የሰው ቤት ላይ ውሃ አይለቅም። ሰገነቱ ላይ ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ ከባለቤቶቹ አንዱ መዳፉን ሲያሳርፍበት ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ። እኔ ብረቱ አጠገብ ቆምኩ። ሶልያና በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወደ ወንዙ ታያለች።

"አሥር ደቂቃ" አለች እትዬ ደንገጎ። "ተቀባይ፣ ይክፈቱ።"

እጄ አልሄደም። ለግድግዳው ሳስቼ አይደለም፤ ግድግዳ ሥራዬ ነው፣ ልጬ እሠራዋለሁ። ይህን በር በከፈትኩ ቀን ሶልያና እንደምትሄድ አውቃለሁ። ልክፈት፣ አልክፈት እያልኩ መዳፌን ከብረቱ በላይ አንዣብቤ ቆምኩ። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ያለ እሷ ጠዋት ምን ብዬ እንደምነሳ እንኳ አላውቅም።

"ስድስት ደቂቃ። ተቀባይ አልተከፈተም። የጫፉ ቤት ነዋሪዎች ለመውጣት ይዘጋጁ።" ድምፁ ያው ነው፤ ስለ ደመና ስታወራ ከነበረችው አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ኢክራም ማራገቧን ትታ ተነሳች። ወደ እኛ አየች። ኦቦ ኬና ከራሱ ሰገነት "ያፌት፣ አቦ ምን ሆንክ?" አለኝ። ከላይ በኩል የውሃው ድምፅ መሰማት ጀምሮ ነበር፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ።

ሶልያና ጉልበቷን ይዛ ከበርጩማው ተነሳች። መጥታ የእኔን እጅ ወደ ጎን አደረገችው፣ የራሷን መዳፍ ብረቱ ላይ አሳረፈች። "ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው" አለች። ከሥራችን ሁለቱም በሮች ተከፈቱ።

ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ረድፉን መታ፣ ወዲያና ወዲህ አለ፣ ከዚያ መግቢያውን አገኘው። ሰገነቱ ከእግራችን ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። በፊት በር ገብቶ በጓሮ ሲወጣ አየሁት፤ አንድ የግመል ኮርቻ በሳሎናችን አልፎ ወደ ቦዩ ሄደ። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። አሥራ ሦስቱ ቤት ደርቆ ዋለ። የጫፉ ቤትም ቆመ፤ ውሃው ሲጎድል ከዚያ በኩል ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማን። ተርቦ ይሆናል።

ቀጥሎ ያሉት ሦስት ቀናት የጭቃ ቀናት ናቸው። እድርተኛው አካፋና ባልዲ ይዞ ይመጣል፤ እንደ ለቅሶ ቤት ምግብ ያመጣል፣ ይሠራል፣ ያወራል፣ ያጽናናል። ሶልያና ልብሷን ሰብስባ ከሁሉም ጋር ጭቃ ስትዝቅ ዋለች። ከሰው ጋር ትስቅ ነበር። እኔም ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ልቤ ትንሽ መለስ አለ። በአራተኛው ቀን ኦቦ ኬና መርቆ ሰዉን አሰናበተ። የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ ሶልያና እጇን ታጥባ፣ ሰገነት ወጥታ አንድ ቦርሳ ይዛ ወረደች።

"ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"ብዬሃለሁ።"

"ሶሊ፣ ለኢክራም ብዬ እኮ ነው። ከነአራሷ ውሃ ይግባባት?"

"ለኢክራምማ እኔም ከፍቻለሁ። አይተኸኛል።" ቦርሳውን መሬት ለማስቀመጥ ፈልጋ ጭቃውን አይታ ተወችው። "በዚያው ቀን ገብተህ 'ሶሊ፣ አንዴ ከአፌ አመለጠኝ' ብትለኝ እቆጣ ነበር። ከዚያ ቁጭ ብለን እናስብ ነበር። ምናልባት እሺ እልህ ነበር። አንተ ግን አሥራ አንድ ቀን አንድ ገበታ ላይ በላህ። ግድግዳ ቀባህልኝ። ሦስት ጊዜ። እኔ ከኋላህ ቆሜ ሳመሰግንህ ዝም አልክ።"

የእጄን ጭቃ በሱሪዬ ጠረግኩ።

"ለሰው ታፍራለህ" አለችኝ። "ለእኔ ነው የማታፍረው።"

"አትሂጂ" አልኳት። ምንም ሳልጠቀልለው፣ ከሆዴ የወጣ ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቦርሳውን ግን አልለቀቀችም።

"ግድግዳው ሲደርቅ ንገረኝ" አለች። "አይቼ እወስናለሁ። ሳይደርቅ ደረቀ ብለህ ከጠራኸኝ ግን መጥቼ በእጄ እነካዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንፈላለግም።" በአሥር ሰዓቱ መኪና ወደ ሐረር ሄደች።

አሁን አርባ አንደኛ ቀኔ ነው። ልስኑን እስከ ድንጋዩ ልጬዋለሁ። ያ ቢጫ ቀለም በባልዲ ወጣ። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሥራ መርፌዬን ግድግዳው ላይ ሰክቼ አነባለሁ፣ ከዚያ ለሶልያና እደውላለሁ። በመጀመሪያው ቀን አርባ ሁለት ነበር።

አንድ ነገር ልናገር፤ ማንም ለሳኝ አይነግራችሁም። ግድግዳን በአንድ ሳምንት ማድረቅ ይቻላል፣ ላይ ላዩን። ትኩስ አየር ይለቀቅበታል፣ ስስ ኖራ ይቀባል፣ መርፌው አራት ያነባል፤ በእጅም ቢነኩት ደረቅ ነው። ከውስጥ ያው እርጥብ ነው፤ በስድስተኛው ወር ጨው ያወጣል። ቤት ሊሸጡ ለሚፈልጉ ሰዎች ይህን ሠርቼ አውቃለሁ፣ አልዋሽም። የትኩስ አየሩ ማሽን ጓሮ ቆሟል። በሃያኛው ቀን ከጓሮ አውጥቼ ሳሎን ድረስ አስገባሁት። መልሼ አወጣሁት።

ሰው ሲጠይቀኝ "እህቷን ልትጠይቅ ሄዳለች" እል ነበር። ዛሬ ከሰዓት ኢክራም ሕፃኑን አቅፋ መጣች፤ ለሶልያና ልታሳያት ነው። ባዶውን ቤት አየች። "ሶልያና እስካሁን አልመጣችም?" አለችኝ። እህቷን ልትጠይቅ የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"ትታኝ ሄዳለች" አልኳት። "በስብሰባው ላይ ስናገር አልነገርኳትም ነበር። የእናንተን ውሃ ለመቀበል ሳይሆን እንዲሁ ለመግደርደር ነው የተናገርኩት። ሰው 'በፍጹም' የሚለኝ መስሎኝ ነበር።"

ኢክራም ሕፃኑን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረችው። ፊቷ ቀላ። ከዚያ "እሷ ግን ከፈተችው" አለች።

"አዎ፣ እሷ ናት የከፈተችው።"

ሄደች። ነገሩ እስከ ነገ ረድፉን ሁሉ ያዳርሳል፤ ኦቦ ኬናም ይሰማል። አፍሬ ቁጭ አልኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ መርፌውን ሰካሁ፣ አነበብኩ፣ ደወልኩ።

"ዛሬስ?" አለች ሶልያና።

"እርጥብ ነው። ለኢክራም ነገርኳት።"

"ምን ብለህ?"

"እንዳለ።"

ከሐረር በኩል የእህቷ ድምፅና የሳህን ኳኳታ ይሰማኛል።

"ስንት አለ መርፌው?"

"ሃያ ስድስት።"

"ትናንትም ሃያ ስድስት ነበር።"

"ዛሬም ሃያ ስድስት ነው" አልኳት።

"እሺ" አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።